በብብት የሞቀች ጎሚኒ

ዘመኑን በትክክል አላስታውሰውም። ኮሮና ከመምጣቱ በፊት ይመስለኛል። ልጄ ግን፣ «አይደለም አባዬ፣ ጭንብል አድርገህ ሆስፒታል እንደገባህ አንተው ነግረኸኛል» ትላለች። ጭንብሉንስ አስታውሳለሁ። ይሁን እንጂ የተቃጠለ ሰው የተኛበት ክፍል ሲገባ ድሮም ያስደርጉ ነበር፤ ስለዚህ ጭንብሉ ዓመቱን አይነግረንም። የማውቀው ብርዱን ነው። ሮተርዳም ዳር፣ ሆግቭሊት፣ ያኔ ከምኖርበት ፎቅ በታች ያለው ቦይ ረግቶ፣ ዳክዬዎቹ በረዶው ላይ ቆመው አንዱን እግር እያነሡ ሌላውን ይጥሉ ነበር።

አሁን የምኖረው አምስተርዳም፣ ቢልመር፣ ከልጄ ቤት ሁለት ፌርማታ ርቄ ነው። ጡረታ ወጥቻለሁ። መጻፍ የለመድኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ይህንንም የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው፤ ጠዋት ጥቂት፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ ጥቂት።

ያኔ የምሠራው ቦቴ ማጠቢያ ነበር። ሮተርዳም ወደብ አጠገብ፣ የነዳጅ ፋብሪካዎቹ ጭስ ማውጫ በሚታይበት ሰፈር፣ ዘይት ወይም ቸኮላት ወይም ሳሙና ያራገፉ ቦቴዎች ይመጣሉ፤ እኛ ሆዳቸውን እናጥባለን። የምናጥበው ካስቲክ ሶዳ በተደባለቀበት የፈላ ውሃ ነው። ውሃው ከማሽኑ ወደ ቦቴው የሚሄደው በወፍራም ቱቦ ሲሆን፣ የቱቦው ራስ ሁለት ጆሮ አለው። ሁለቱን ጆሮ ወደ ኋላ ስታጥፋቸው ነክሶ ይይዛል። በዚያ ራስ ውስጥ አንዲት የጎማ ቀለበት አለች። አገር ቤት ቧንቧ ሠሪውም መካኒኩም ጎሚኒ ይላታል። ብረት ከብረት ምንም ቢነክስ ውሃ ማሳለፉ አይቀርም። ውሃውን የምታቆመው እሷ ናት፤ ለስላሳ ስለሆነች፣ ሲጫኗት ተጭና ክፍተቱን ስለምትሞላ። ዋጋዋ ምንም ነው፤ ግን እሷ ከሌለች ሥራ የለም።

ሥራውን ያስገቡኝ አንድ የአስመራ ሰው ናቸው። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ጋሼ ነው የምላቸው። አማርኛውን የለመዱት በወጣትነታቸው፣ አዲስ አበባ የአውቶቡስ ጋራዥ ሲሠሩ ነው። ስድባቸው የጋራዥ ነው፤ ምርቃታቸውም የጋራዥ ነው። «ሞተርህ አይንኳኳ» ብለው ይመርቁኛል። በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ «ወሎዬ» ነው የሚሉኝ። ሆግቭሊት ውስጥ የማንኛውም ሐበሻ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ቀጥ ካለ፣ ቀይ የብረት ሳጥናቸውን አንጠልጥለው ይመጣሉ። ማሽኑን ከፍተው ዓይናቸውን ይጨፍኑና በጣታቸው ይዳስሱታል። «ዓይን ያታልላል፤ እጅ ግን አይዋሽም» ይላሉ። ሠርተው ሲጨርሱም ከሻይ በቀር የሚቀበሉት ነገር የለም።

አንድ መከር ላይ ፎርማናችን አዲስ ዓይነት ጎሚኒ አመጣ። ሆላንዳዊ ነው፣ ሰፊ፣ ሳቂታ ሰውዬ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አሁንም እላለሁ። ጋሼን ቢሮው ጠርቶ፣ «አንተ የድሮ መካኒክ ነህ፣ እስቲ እያት» አላቸው። እኔም ከኋላቸው ቆሜ ነበር። ቢሮው ማሞቂያው በርቶ ይሞቃል። ጋሼ ጎሚኒዋን በሁለት ጣት ጨመቁ፣ አጠፉ፣ ለቀቁ። «ጥሩ ናት» አሉ። ፎርማኑ አንድ ካርቶን አዘዘ፤ ካርቶኑም ውጪ ባለው ኮንቴይነር፣ ማሞቂያ በሌለበት፣ ተቀመጠ።

ብርዱ ሲመጣ ያቺ ጎሚኒ ቀንድ ሆነች። ከካርቶኑ አውጥተህ መሬት ብትጥላት እንደ ሳንቲም ታቃጭላለች። አንድ ጠዋት እንደዚያው ደርቃ እያለች ገጠምኳት። ውሃው ሲለቀቅ ከጆሮው ሥር ክር የምታክል እንፋሎት ወጣች። ዘጋሁት። አውጥቼ ብብቴ ሥር ከተትኳት፣ ጥቂት ቆይቼ መልሼ ገጠምኳት፤ ያዘች። ከሳምንት በኋላ ደግሞ እንደዚያው ሆነ። ሁለቴ ሲተነፍስ አየሁ ማለት ነው። ሁለቴም ማንም አላየም፤ ሁለቴም ደህና አለፈ።

ከዚያ በኋላ ዘዴ አበጀሁ። ማታ ከሥራ ስወጣ ለነገ የሚሆኑ አራት ጎሚኒዎች በጃኬቴ ኪስ እይዛለሁ። ቤት ያድራሉ። ጠዋት ከአውቶቡስ እስከ ሥራ ቦታ ስሄድ ሁለቱን በግራ፣ ሁለቱን በቀኝ ብብቴ አደርጋቸዋለሁ። ደርሼ ስገጥማቸው እንደ እንጀራ እጥፍ ይላሉ።

ጋሼ አንድ ቀን ደረሱብኝ።

«ወሎዬ፣ ምንድን ነው እዚያ ውስጥ? ጫጩት ልታስፈለፍል ነው?»

«ለጣቴ ነው ጋሼ። ሲሞቁ ቶሎ ይገባሉ።»

«እናት ዶሮ! ጣትህ ከበረደው ጓንት አድርግ እንጂ ምን ብብት ውስጥ ይወሽቃል?»

ለፎርማኑም ነገሩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ፎርማኑ ሲያገኘኝ ሁለት ክንዱን እንደ ክንፍ እያራገበ ነበር ሰላም የሚለኝ። እኔም እስቃለሁ።

ለምን እንፋሎቱን አልነገርኳቸውም? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ጎሚኒዋን ጥሩ ናት ያሉት እሳቸው ናቸው። ያውም በአለቃ ፊት። ሥራ ያስገባህን ሰው፣ ታላቅህን፣ «የመረጡት አይረባም» ማለት በእኛ ዘንድ አይባልም። ነገሩ ደግሞ በብብቴ እየተስተካከለ ነው፤ ለምን ሰው አሳፍራለሁ አልኩ። ቢሆንም ዝም ማለቱም ከበደኝና አንድ ቀን እንዲህ አልኳቸው። «ጋሼ፣ ይቺ አዲሷ ጎሚኒ ጥሩ ናት። ብርድ ላይ ብቻ ትንሽ ደረቅ ትላለች።»

«ለፎርማኑ እነግረዋለሁ» አሉ። ነገሩትም፤ እኔ ባለሁበት። መጀመሪያ የውሻውን እግር ጠየቁት፤ ውሻው እግሩን ታሞ ነበርና። ከዚያ ስለ አማቱ ጠየቁት። ከዚያ በኋላ በሆላንድኛቸው፣ «ጎሚኒዋ በጣም ጥሩ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ብቻ ትንሽ ሰነፍ ናት» አሉት።

«እኔም ጠዋት ጠዋት ሰነፍ ነኝ» አለ ፎርማኑ። ሳቅን። ጋሼም ሳቁ። ስንወጣ ሸክም እንዳወረደ ሰው ቀለለኝ። ነገርን እኮ አልኩ በልቤ። እንፋሎቱን እኔ ደረቅ አደረግኩት፣ ደረቁን ጋሼ ሰነፍ አደረጉት፣ ሰነፉን ፎርማኑ ቀልድ አደረገው።

አደጋው የደረሰ ዕለት እኔ ዴን ሃግ ነበርኩ። አንዲት የአገሬ ልጅ፣ የወሎ ልጅ፣ እዚያ በአረጋውያን ቤት የምትሠራ፣ ወንድሟ አገር ቤት ሞቶባት ገና አልሰማችም። ከሥራ አዳሯ እንደተመለሰች ብታረዷት ይሻላል ተባለና፣ ሽማግሌ ይኑር ብለው እኔን ጠሩኝ። ለፎርማኑ ለቅሶ አለብኝ ብዬ ፈቃድ ወሰድኩ። ጠዋት በሜትሮ ሮተርዳም ሴንትራል፣ ከዚያ በባቡር ሄድኩ። ሁለት ሴቶች ጣቢያው ላይ ጠበቁኝ፤ ሦስት ሆነን በትራም ሄደን ደወሏን ደወልን።

በሩን ከፈተች። የሥራ ልብሷን ገና አላወለቀችም። አየችን። «ግቡ» አለች፤ ሻይ አፈላች። እኔም ጀመርኩ። ባቡሩ ስለመዘግየቱ ነገርኳት። ስለ ብርዱ ነገርኳት። ስለ ዳክዬዎቹ ሳይቀር ነገርኳት። ከዚያ ስለ አገር ቤት ሰው ጤና አንሥቼ፣ «ወንድምሽን ትንሽ አሞት ነበር አሉ» አልኩ። ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«መቼ ነው የሞተው?» አለች።

ከዚያ በኋላ ለቅሶው ሆነ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ደጋግሞ ይንቀጠቀጣል፤ ነውር ነው ብዬ ተውኩት። በኋላ ደረጃው ላይ ወጥቼ ስልኩን ለማውጣት እጄን ስከት ጣቴ ለስላሳ ነገር ነካ። አራቱ ጎሚኒዎች ናቸው። ማታ እንደ ልማዴ ይዣቸው ወጥቼ፣ ጠዋት ሥራ እንደማልገባ ረስቼ፣ ዴን ሃግ ድረስ አምጥቻቸዋለሁ። ይሞቃሉ።

የደወለው አንድ የሥራ ባልደረባችን ነበር። «ሽማግሌው ተቃጥለዋል» አለ፤ ጋሼን ማለቱ ነው። «ቱቦው ከፊታቸው ፈንድቶ።»

እሺ አልኩት።  ተመልሼ ገባሁ። የቀረበልኝን ምግብ በላሁ፤ እንደበላሁም አስታውሳለሁ፣ ምስር ነበር። ምን ተሰማህ ብትሉኝ ምንም። ሰው በብርድ ጣቱ ሲደነዝዝ ቢላ ቢቆርጠው እንኳ ደሙን ካላየ አያውቅም። እንደዚያ ነበርኩ። ችግሩ ደሙን ካየሁ በኋላም እንደዚያው መሆኔ ነው።

ሆስፒታል ሄድኩ። ጭንብል አደረጉልኝ። የጋሼ ቀኝ ዓይንና ቀኝ እጅ በነጭ ተጠቅልሏል። ያ ቀኝ ዓይን ከዚያ ወዲህ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ድምፄን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ወሎዬ፣ በደንብ አልዘጋሁትም» አሉ። «መከላከያውንም ከፊቴ ከፍ አድርጌው ነበር፤ ጉም ሆኖብኝ። ግን ጆሮውን የዘጋሁ መስሎኝ ነበር። እጄ አርጅቷል።»

«አይዞዎት ጋሼ» አልኩ። አራቱ ጎሚኒዎች ኪሴ ውስጥ ነበሩ።

ድርጅቱ ወረቀት አወጣ። ሠራተኛው የቱቦውን ጆሮ በትክክል አልዘጋም፣ የፊት መከላከያውንም አላወረደም፣ ይላል። አንብበናል ብለን እንድንፈርም ለሁላችንም ሰጡን። እኔ ሆላንድኛ ማንበብ ባልችልም ምን እንደሚል አውቅ ነበር። ፈረምኩ።

ጋሼ ቤታቸው ሲመለሱ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ነበር የቀራቸው። ሥራ አልተመለሱም። ሰው ሊጠይቃቸው ሲመጣ ሳይጠየቁ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሳልዘጋው ነው» ይላሉ። የአንዲት ጎረቤታቸው ማሽን ተበላሽቶ ስትለምናቸው እንቢ አሉ። አንድ ቅዳሜ እኔን ጠሩኝ። ቀዩ ሳጥን በሩ ሥር ቆሟል።

«ውሰደው ወሎዬ።»

«ጋሼ፣ ይሻልዎታል እኮ። ግራ እጅም አለ።»

«ቀኙ ስለተቃጠለ አይደለም። ከመቃጠሉ በፊት የዋሸ እጅ ነው። አይታመንም። ውሰደው።»

ወሰድኩት። ሜትሮ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬው ቤቴ ደረስኩ። ከአልጋዬ ሥር ገፋሁት። ጠዋት ስነሣ እግሬ ይነካዋል፤ ብረቱ ይቀዘቅዛል።

ከዚያ በኋላ ነው ያ ትምህርት የመጣው። ድርጅቱ ስለ አደጋ የሚያስተምር ሰው ቀጠረና ሁላችንንም ካንቲን ሰበሰበን። ሸምገል ያለ፣ ብዙዎቻችን የውጭ አገር ሰዎች ስለሆንን ሆላንድኛውን ቀስ አድርጎ የሚናገር ሰው ነበር። ስለ ቦቴ ያስተምረናል ስንል የጠፈር መንኮራኩር አሳየን። ድሮ፣ እኔ ገና ደሴ ሳለሁ፣ አሜሪካ ውስጥ የተነሣ መንኮራኩር ነው አለ። ሰባት ሰዎች ነበሩበት፤ አንዷ አስተማሪ ነበረች፤ ተማሪዎች በቴሌቪዥን እያዩ ነበር። ጠዋቱ በጣም ቀዝቃዛ ነው፤ ማማው ላይ የተንጠለጠለውን በረዶ አሳየን። መንኮራኩሩ ተነሣ። ሰማዩ ንጹሕ ነበር። ከደቂቃ ጥቂት እንዳለፈ ጭሱ አበጠና ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ። መሬት ላይ ያሉት ሰዎች ወደ ላይ እያዩ ቆመዋል። ገና አልገባቸውም። ፊታቸውን አየሁ። ያንን ፊት አወቅሁት፤ ዴን ሃግ ደረጃው ላይ የእኔም ፊት እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም።

«ምን ያደረገው ይመስላችኋል?» አለ ሰውዬው።

አንዱ ሞተሩ ነው አለ። አንዱ ነዳጁ። አንዱ ቀልደኛ ልጅ «ሹፌሩ ነዋ» ብሎ አሳቀን።

ሰውዬው ከኪሱ የጎማ ቀለበት አወጣ። ጎሚኒ። በማጥበቂያ ብረት ጨምቆ በረዶ የሞላ ብርጭቆ ውስጥ ከተታትና ማውራቱን ቀጠለ። የመንኮራኩሩ ሁለት ጎን ላይ ያሉት ትልልቅ ቱቦዎች ከቁርጥራጭ የተገጣጠሙ ነበሩ፤ በየመገጣጠሚያው ጎሚኒ አለ፤ እሳቱን የምትይዘው እሷ ናት። ሠሪዎቹ ያውቁ ነበር አለ። ከዚያ በፊት በነበሩ በረራዎች ጎሚኒዎቹ ተለብልበው ታይተዋል፤ መንኮራኩሩ ደህና ስለተመለሰ ግን ነገሩን ለመዱት። በዋዜማው፣ በዚህ ብርድ ባይነሣ ይሻላል ያሉ ነበሩ። የበላዮቻቸው አስጨነቋቸው፤ ቃሉም ላልቶ ላልቶ፣ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጡት ሰዎች ዘንድ ሳይደርስ ቀረ። ሰውዬው ጎሚኒዋን ከበረዶው አውጥቶ ማጥበቂያውን ፈታ። እንደተጨመቀች ቀረች፤ ቶሎ አልተመለሰችም።

«ዳስሷት» ብሎ ለፊተኛው ወንበር ሰጠ።

ከእጅ ወደ እጅ መጣች። ፎርማኑ ከፊቴ ሁለት ወንበር አልፎ ነበር፤ እሱም ዳሰሳት፣ አቀበለ። እኔ ዘንድ ደረሰች። እጄ ያደረገውን ልቤ አላዘዘውም። ጎሚኒዋን ተቀብዬ ብብቴ ሥር ከተትኳት።

ካንቲኑ በሳቅ ፈረሰ። «ዶሮዋ! ዶሮዋ ተቀመጠች!» አሉ። ሰውዬው ግን አልሳቀም።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለኝ።

«እያሞቅኳት።»

«ለምን?»

«ሁልጊዜ አሞቃታለሁ።»

«ሁልጊዜ?»

ፎርማኑ ዞሮ አየኝ። ክንፉን አላራገበም። ያኔ አፌ ላይ የመጣውን ልንገራችሁ፤ እንደገና ያው ነው። «ትንሽ፣ ሲበርድ ብቻ» አልኩ።

ሰውዬው ሲያበቃ ቀርቦ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። «ያየኸውን ጻፈው» አለኝ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፌ ጎሚኒዎቹ ካሉበት ኪስ ከተትኩት። በእነሱ ቋንቋ መጻፍ አልችልም። በእኔ ቋንቋም ቢሆን ያን ጊዜ የምጽፈው አይመስለኝም።

የሚቀጥለው እሑድ ያቺ የዴን ሃግ ልጅ ለወንድሟ ሶደቃ አወጣች፤ ሄድኩ። ዱዓው አልቆ ሰው ሲበተን እኔ ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ። ሰሃን ስታጥብ ቆየችና እጇን እያደረቀች መጣች።

«አባባ፣ የሆኑት ነገር አለ።»

«ምንም አልሆንኩ ልጄ። አንድ የሥራ ጓደኛ አለኝ፣ ታላቄ ናቸው፣ ትንሽ አደጋ ደርሶባቸው...»

«ትንሽ?»

«አዎ። እና የባቡሩ መንገድ ስለራቀኝ...»

«አባባ» አለችኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «ያን ዕለት በሩን ስከፍት አውቄያለሁ። ሦስት ሰው፣ በዚያ ጠዋት፣ ጫማውን እያየ ሲቆም ምን ሊሆን ነው? እርስዎ ስለ ዳክዬ ሲነግሩኝ ልቤ ከወንድሞቼ የቱ ነው፣ የቱ ነው እያለ ነበር። ሁሉንም አንድ በአንድ ቀበርኳቸው። እርስዎ ለእኔ አዝነው ነው፤ አውቃለሁ። ግን ያ ሁሉ ማዞር ለእኔ ነበር ለእርስዎ?»

እንደገና ጫማዬን አየሁ።

«አሁን እንደገና ይንገሩኝ። በሩ ላይ እንዳሉ ሆነው ይንገሩኝ።»

«ጎሚኒዋ ብርድ ላይ እንደምታፈስ አውቅ ነበር» አልኩ። «ሁለቴ አይቻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ሰውዬው ዓይናቸው ጠፋ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው እያሉ ነው።»

ይህን ለማለት ስንት ጊዜ ይወስዳል? ሻይ እንኳ አይቀዘቅዝም።

አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። «መጀመሪያ ለእሳቸው ነው የሚነገረው» አለች። «ከዚያ ለአለቃው። ሆላንድኛውን እኔ እላለሁ። ግን አላለሰልስም፤ ያሉትን ነው የምለው።»

በዕረፍቷ ቀን ከዴን ሃግ ተነሥታ ሆግቭሊት ድረስ መጣች። ቀዩን ሳጥን ይዤ የጋሼን ፎቅ ወጣን። በሮቹ ሁሉ ወደ ውጪ መተላለፊያ የሚከፈቱበት ፎቅ ነው፤ ነፋሱ ይጋረፋል። ደወልኩ። ጋሼ ከፈቱ። ሳጥኑን አዩ፣ ልጅቷን አዩ።

«ምነው ወሎዬ? ግቡ እንጂ፣ ይበርዳል።»

«አልገባም ጋሼ። እዚሁ ልንገርዎት። ጎሚኒዋ ስትቀዘቅዝ ታፈስ ነበር። ሁለቴ ስትተነፍስ አይቻለሁ። በብብቴ የማሞቃት ለጣቴ አልነበረም፣ እንዳታፈስ ነበር። ያን ዕለት የሞቁትን እኔ በኪሴ ይዣቸው ዴን ሃግ ሄድኩ። እርስዎ ደረቋን ገጠሙ። ጆሮውን ዘግተውት ነበር።»

ጋሼ በደህናው ዓይናቸው አዩኝ። 

«ታውቅ ነበር» አሉ።

«አውቅ ነበር።»

«እኔ ስቄብህ ነበር። አንተም አብረኸኝ ሳቅህ።»

«አዎ።»

«ይህን ሁሉ ወር እዚህ ቤት ስትመጣ፣ ሻዬን ስትጠጣ፣ ሳጥኔን ስሰጥህ ታውቅ ነበር።»

«አዎ ጋሼ።»

በሩን ዘጉት። አላንጓጉትም፤ ቀስ አድርገው ነው የዘጉት። ሳጥኑን ደጃፉ ላይ አስቀመጥኩት። ልሂድ ስል ልጅቷ ክንዴን ያዘች። «ትንሽ እንቁም» አለች። ቆምን። ታች አንድ ሰው ብስክሌቱን ይቆልፋል። ምንም አልተሰማኝም፤ እግሬ ብቻ ይበርደኝ ነበር።

በሩ ገርበብ ብሎ ተከፈተ። ቀኝ እጅ ወጣ፤ ቆዳው ቀይና የተጨማደደ ነበር። የሳጥኑን እጀታ ያዘ። ከውስጥ የጋሼ ድምፅ መጣ።

«በሞቀ ቢሮ ውስጥ ነበር የዳሰስኳት» አሉ። «እጄ አልዋሸም። ክፍሉ ነው የዋሸው።»

ሳጥኑ ገባ፤ በሩም ተዘጋ።

በማግሥቱ እኔና ልጅቷ ፎርማኑ ቢሮ ገባን። ሁለት ጎሚኒ ይዤ ነበር፤ አንዷን ከኪሴ፣ አንዷን ከኮንቴይነሩ። ጠረጴዛው ላይ ጣልኳቸው፤ አንዷ አቃጨለች፣ አንዷ ዝም አለች። ከዚያ ተናገርኩ፤ ልጅቷም እንዳለችው አላለሰለሰችም። ፎርማኑ ፊቱ ነጣ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ።

«ነግረንህ ነበር።»

«ሰነፍ ናት ነው ያላችሁኝ። እኔ ቀልድ መሰለኝ።»

እውነቱን ነው። ለእሱ ሰነፍ ማለት ሰነፍ ብቻ ነው። ሌላ ሽማግሌ ቢሆን፣ ከእኛ ወገን፣ «የውሻዬን እግር ጠይቀው፣ አማቴን ጠይቀው፣ ሰነፍ ናት ካሉ ነገር አለ» ብሎ ከወንበሩ ይነሣ ነበር። እሱ ያንን ከየት ያምጣው?

ወረቀቱ እንደገና ተጻፈ። ልጅቷ ከላይ እስከ ታች አነበበችልኝ። ብርዱ አለበት፤ ማሞቂያ የሌለው ኮንቴይነር አለበት፤ በሞቀ ክፍል የተመረጠችው ጎሚኒ አለች። የፊት መከላከያውም አልተሰረዘም፤ ከፍ ማለቱ እውነት ነውና። አንድ ሠራተኛ መፍሰሱን አይቶ በራሱ መንገድ ሲያስተካክል እንደቆየ፣ በዚህም ችግሩ ሳይታይ እንደቀረ ተጽፏል። ያ ሠራተኛ እኔ ነኝ። ቱቦው በትክክል አልተዘጋም የሚለው ግን የለም። ሁለቴ አስደግሜ አስነበብኳት፤ የለም። ፈረምኩ።

ጋሼ ለረጅም ጊዜ አልደወሉልኝም። ቢልመር ከገባሁ በኋላ ነው ስልኩ የጮኸው። «ወሎዬ፣ ልጅህ የማሽንህ በር አይዘጋም አለች፤ እውነት ነው?» አሉኝ። መጡ። ሳጥኑን መሬት ላይ አድርገው ሁለቱንም ዓይን ጨፈኑ፣ ዳሰሱ። የማሽኑን በር ጎሚኒ አውጥተው ወደ እኔ ወረወሯት። «እንካ፣ አሙቃት» አሉ።  ሻይ ጠጥተው ሄዱ። እንደ ድሮው አይደለንም። እንደ ድሮው እንሆናለንም ብዬ አላስብም።

ያ የመንኮራኩሩ ጭስ አንዳንዴ ይታየኛል፤ ለሁለት ሲከፈል፣ ሰዎቹም ቆመው ሲያዩ። እነዚያ ዋዜማው ላይ የተናገሩት ሰዎች ቤታቸው ሲገቡ በምን ሆድ ገቡ እላለሁ። እነሱ እንኳ ተናግረዋል። እኔ ያልኩት ደረቅ ትላለች ነው።

ያን ወራት ማን አሻገረህ ቢለኝ ሰው፣ ጋሼ ናቸው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አይደሉም፤ እሳቸው የራሳቸው ነበረባቸው። ያሻገረችኝ ዴን ሃግ በአረጋውያን ቤት የምትሠራው፣ የወንድሟን ሞት በዳክዬ ጠቅልዬ የነገርኳት፣ ያቺ የወሎ ልጅ ናት።